ከጺን አፋፍ እስከ አቭዳት

የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዳዊት ቤን ጉሪዮን እ.ኤ.አ. በ1953 ሥልጣናቸውን ለቀው የገቡት ስዴ ቦከር ወደሚባል፣ ከተመሠረተ ገና ዓመት ወደሆነው የበረሃ ኪቡትዝ ነበር። መቃብራቸውም እዚያው አጠገብ ነው፤ በ1973 ሲያርፉ ከባለቤታቸው ከፓውላ ጎን፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀበሩ። ከመቃብሩ ጥቂት እርምጃ አልፎ መሬቱ በድንገት ይቆረጣል፤ ከሥር የጺን ሸለቆ ነጭና ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። የዛሬው ጉዞዬ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሸለቆውን እወርዳለሁ፣ በዓይን አቭዳት ጠባብ ገደል ውስጥ ሽቅብ እወጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጥንታዊቷ አቭዳት እደርሳለሁ።

ጺን የሚለውን ስም ኦሪት ዘኍልቁን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሕዝቡ ውኃ አጥቶ ሙሴን የተጣላበት፣ እህቱ ማርያም ያረፈችበት ምድረ በዳ ስም ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ሸለቆ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስዴ ቦከር ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ታገኛለች። እንዲህ ያለውን አገር ከመኪና መስኮት የሚያይ ሰው ባዶ ነው ብሎ ያልፋል። በእግሩ የወረደበት ግን መንገድ ላይ መሆኑን ይረዳል፤ ከአፍሪካ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜንም ወደ አፍሪካ ብዙ ነፍስ የተላለፈበት መንገድ ላይ።

ቁልቁለቱ ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ብቅ አሉ። የኑቢያ ዋልያዎች ናቸው፤ ሦስት እናቶች ከግልገሎቻቸው ጋር። መጋቢትና ሚያዝያ የመውለጃ ጊዜያቸው ነውና ግልገሎቹ ገና እግራቸው አልጸናም፤ ሆኖም እኔ በእጄም በእግሬም የማልደፍረውን ግድግዳ እየዘለሉ ይወጡታል። የእኛ የስሜን ተራሮች ዋልያ የእነዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። የዋልያ ቅድመ አያቶች ከሰሜን ተነስተው ወደ አፍሪካ ቀንድ እንደ ዘለቁና ከፍታው ላይ ተነጥለው እንደ ቀሩ ሊቃውንት ያስረዳሉ። እዚህም አዳኞች ሊጨርሷቸው ተቃርበው ነበር፤ ያተረፋቸው በ1955 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ነው። ዛሬ እስከ ቤን ጉሪዮን መቃብር ድረስ እየመጡ ሣር ይግጣሉ፤ ሰው ሲያልፍ ቀና ብለው አይተው ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ። ስሜን ላይም እንዲህ ተዝናንተው የሚሰማሩበትን ቀን ከልቤ እመኛለሁ።

ከሸለቆው ወለል እስከ ዓይን አቭዳት ፓርክ በር ያለው መንገድ ፀሐይ የሚበዛበት ሜዳ ነው። በሩ አጠገብ አንዲት እናት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ነጭ ነጠላ፣ የጎንደር አነጋገር። ከቤርሳቤህ ነው የመጡት። ሰላምታ እንደ ተለዋወጥን ቦርሳዬን አዩት።

«ብቻህን ነህ ልጄ? ውኃስ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ እማማ፣ አራት ሊትር።»

«በበረሃ ብቻ አይኬድም። እኛ ወደ ሱዳን ስንወጣ ሌሊት ሌሊት ነበር የምንሄድ፤ ቀን ቀን ተኝተን።»

ከዚያ በላይ አላወሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ በበረሃው መንገድና በመጠለያው ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን 4,000 ያህል እንደ ሆኑ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ዛሬ ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በዚሁ በደቡቡ በረሃ ከተሞች፣ በቤርሳቤህ፣ በዲሞና፣ በነቲቮት ይኖራሉ። እማማ ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ብርቱካን ጨመሩልኝ።

የገደሉ ግድግዳ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በመካከሉ ጥቁር የባልጩት ጅማት ተዘርግቶበታል። ይህ ሁሉ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። ባልጩቱ የሰውን ልጅ ያስጠጋ ድንጋይ ነው፤ ሲሰበር ስለታም ጠርዝ ያወጣል። ከዚሁ ገደል አፍ አጠገብ ቦከር ታክቲት የሚባል የቁፋሮ ቦታ አለ። በ2021 የታተመ ጥናት የቦታውን ዕድሜ 50,000 ዓመት ገደማ አድርሶታል፤ ከአፍሪካ የወጡ ዘመናዊ ሰዎች ተቀምጠው የጦርና የቢላ ጫፍ እየጠረቡ የሠሩበት ነው። በዚያ ዘመን ኒያንደርታሎች ገና በአካባቢው ነበሩ። እግሬ ሥር ያለውን የባልጩት ስባሪ ጎርፍ ይስበረው ሰው አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ውኃው መጣ። ድምፁ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ሸንበቆው፣ ከዚያም አረንጓዴው ኩሬ። ምንጩ በድንጋዩ ንብርብሮች መካከል ተጠራቅሞ የሚወጣ ነውና ክረምት ከበጋ አይደርቅም። በስተመጨረሻ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ፏፏቴ ወርዶ ጥልቅ ኩሬ ውስጥ ይገባል። መዋኘት ክልክል ነው፤ ውኃው የዋልያውና የወፉ ነው፣ ክልከላውም ትክክል ነው። ከፍ ብሎ የኤፍራጥስ ፖፕላር ዛፎች ቆመዋል፤ በአዲስ ቅጠል ለምልመው ነፋስ በነካቸው ቁጥር ይንሾካሾካሉ።

ይኸው ውኃ የሚገድልበትም ቀን አለ። የዚህ በረሃ፣ የኔጌቭ፣ ላይኛ ሽፋን ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው ፊቱ ይጠጥርና ውኃ አያሰርግም። ስለዚህ ሩቅ ቦታ የዘነበ ዝናብ ሁሉ ተንደርድሮ ወደ ገደሎቹ ይገባል፤ ከራስህ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ኤፕሪል 26 ቀን 2018፣ ልክ በዚህ ወቅት፣ ከሙት ባሕር በስተደቡብ ባለው ናሐል ጻፊት በእግር ሲጓዙ የነበሩ አሥር ወጣቶችን ጎርፍ ወስዷቸዋል። ዘጠኙ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ገደል ውስጥ የሚገባ ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የተራራውን ትንበያ ማጣራት አለበት፤ ብቻውን የሚሄድ ደግሞ የሚያልፍበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለሰው ሳይናገር አይውጣ።

መውጫው በድንጋይ ላይ የተፈለፈለ ደረጃና የብረት መሰላል ነው፤ ይወጡበታል እንጂ አይወርዱበትም። በግድግዳው ላይ የባይዛንታይን ዘመን መነኮሳት የኖሩባቸው ዋሻዎች አሉ፤ መደርደሪያ፣ መቀመጫ፣ መስቀል ከድንጋዩ ጠርበው፣ የአቭዳት ጠባቂ ለሆነው ለቅዱስ ቴዎድሮስ ጸሎት ጽፈዋል። የላስታንና የገርዓልታን ዋሻዎች ለሚያውቅ ሰው ቦታውን ለምን እንደ መረጡት ማስረዳት አያሻም።

ከላይ ስደርስ ሽመላዎቹ እያለፉ ነበር። በእስራኤል ሰማይ በየወቅቱ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች ያልፋሉ። ሽመላ ክንፉን ዘርግቶ በሚሞቅ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ወፍ ነው፤ ሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኝ የሜዲትራኒያንን ውኃ ሸሽቶ በየብሱ ይዞራል። አንዳንዶቹ በእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የከረሙ ናቸው፤ አሁን ወደ አውሮፓ ጎጇቸው እየተመለሱ ነው። መቶ የሚሆኑት ከገደሉ በላይ አንድ ሞቃት አየር ይዘው እየዞሩ ከፍ አሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተንሸራተው ሄዱ።

እስከ አቭዳት የቀረውን በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና በአውቶቡስ ነው የጨረስኩት። ከተማዋ በጥንቶቹ የዓረብ ነጋዴዎች በነባታውያን ንጉሥ በኦቦዳስ ስም የተጠራች የነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች። ከደቡብ ዓረቢያና ከአፍሪካ ቀንድ የተጫነ ዕጣን በፔትራ በኩል መጥቶ እዚህ አርፎ ወደ ጋዛ ወደብ ይወርድ ነበር፤ ዩኔስኮ ከሌሎች ሦስት የኔጌቭ ከተሞች ጋር በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ኋላ ሕዝቡ ክርስትናን ተቀብሎ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ሠራ፤ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለው የጥምቀት ገንዳ እስካሁን አለ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ከኮረብታው ሥር ያለው እርሻ ነው። ነባታውያንና ተከታዮቻቸው በኮረብታው ትከሻ ላይ ትናንሽ ቦዮች ቀደው ጎርፉን ወደ ታች ማሳ ይመሩ ነበር፤ ለአንድ ሄክታር ማሳ ሃያ ሄክታርና ከዚያም በላይ የሆነ ኮረብታ ዝናቡን ይሰበስብለታል። የዕፅዋት ሊቁ ሚካኤል ኤቨናሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ጥንታዊ እርሻ እንደ ገና አቆመው። በ100 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ያለ ቧንቧ፣ ለውዝና ወይን አበቀለ። በራያና በቆቦ የተራራ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ቢያይ ከኤቨናሪ ጋር ብዙ የሚነጋገረው ነገር ይኖረው ነበር፤ የእርሻ ባለሙያዎቻችንም መጥተው ቢያዩት እወዳለሁ።

መሄድ ለሚሻ፦ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ቀኑን ያከብደዋል። ከቤርሳቤህ እስከ ስዴ ቦከር በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በታችኛው በር በጠዋት መግባት ይሻላል፤ መሰላሉ ወደ ላይ ብቻ ስለሆነ ከላይኛው መውጫ በምን እንደሚመለሱ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።