የተቀያየርኩት ተራ

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስገባ የነርስነት ዲፕሎማዬ እዚያ አላሠራኝም። ከዋሽንግተን ብዙ በማይርቅ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳትነት ተቀጠርኩ። አዲስ አበባ ከ20 ዓመት በላይ "ሲስተር" ስባል ኖሬ፣ እዚያ አልጋ አንጣፊና ገላ አጣቢ ሆንኩ። እንጀራ ነውና አላማረርኩም።

ከምንጦራቸው አንዱ የ80 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ጠያቂ የላቸውም። አልጋቸው አጠገብ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ቆሟል። "ወንድምዎ ናቸው?" አልኳቸው።

"31 ዓመት አብረን የኖርን ፍቅረኛዬ ነው፤ አርፏል" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውን የማጠብ ተራዬ ሲደርስ ወገቤን አሞኛል እያልኩ ከጋናዊት ባልደረባዬ ጋር እቀያየር ጀመር። እውነቱን ለመናገር ተጸይፌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009፣ በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ጋዜጣ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ዜናው ስለ ፍራንክ ካሜኒ ነበር። የሥነ ፈለክ ምሁሩ ካሜኒ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ በመሆናቸው በ1957 ከጦር ሠራዊቱ የካርታ መሥሪያ ቤት ተባረው ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ መንግሥት በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉ።

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩ። ኋላ የራሳቸውን አወጉኝ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 በፈረሙት ትእዛዝ ምክንያት እሳቸውም በ26 ዓመታቸው ከመንግሥት ሥራ ተባረዋል። አባታቸው ነገሩን ሲሰሙ በር ዘጉባቸው። አባትየው በእርጅና አልጋ ላይ ሲወድቁ ግን ያስታመሟቸው እኚሁ ልጃቸው ናቸው።

"ይቅርታ ጠየቁዎት?" አልኳቸው።

"አልጠየቀኝም። እኔ ግን በማንኪያ እያጎረስኩት ቂም መያዝ አልቻልኩም።" ቀና ብለው አዩኝና "ለመሆኑ ወገብሽ ተሻለሽ?" አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። ለካ ሁሉንም ያውቁ ኖሯል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትዝ ያለኝ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤችአይቪ ገና በአገራችን መሰማት በጀመረበት ዘመን፣ እሠራበት በነበረ ሆስፒታል ቫይረሱ ያለበት አንድ ወጣት ተኝቶ ነበር። በመንካትና አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ ተምረናል። እኔ ግን ምግቡን በር ላይ አስቀምጬ እመለስ ነበር። ከወለሉ አንስተው የሚያበሉት፣ ገላውን የሚያጥቡት እናቱ ናቸው። ልጃቸው ያረፈ ዕለት እጄን ይዘው "ልጄ፣ ደክመሽልናል፣ እግዜር ይስጥሽ" አሉኝ። አንዳች ሳልመልስላቸው ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሙቅ ውሃና ሳሙና ይዤ ከሽማግሌው ክፍል ገባሁ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ውሃው እንዳይቀዘቅዝ" አሉኝና ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ተራዬን ለማንም አልሰጠሁም።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አገሬ ገብቻለሁ። በዚያ ሆስፒታል በር ባለፍኩ ቁጥር እኒያ እናት ትዝ ይሉኛል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር።