የሮቢ ወንዝ ጭቃ ምን ይዟል?

ወደ ደሴ የሚጓዝ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚቆመው ለምሳ፣ ለማንጎና ለፓፓያ ነው። ከመኪና ሲወረድ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል፣ ልጆች ይነጫነጫሉ፣ ሂሳብ ተከፍሎ ጉዞ ይቀጥላል። በዚህ ሁኔታ አሥር ጊዜ ያለፈ ሰው እንኳ ሮቢ የሚባል ወንዝ መኖሩን ላያስተውል ይችላል። ቁልቁል ቢያይም የሚታየው ሰፊ አሸዋ፣ ድንጋይና ቡናማ ውሃ ነው። «ይሄማ ጭቃ ነው» ብሎ ያልፋል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ጭቃ ነው።

በባሕር ጠላቂዎች ዘንድ ጭቃ ክብር አለው። አብዛኛው ሰው ጥርት ያለ ውሃና ያሸበረቀ ኮራል ፍለጋ ሲሄድ፣ ጥቂቶች ሆን ብለው ደለል ወደተኛበት ዳርቻ ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ ጀልባ አያስፈልጋቸውም፤ ከባሕሩ ዳር በእግራቸው ገብተው ወለሉን በእጅ ባትሪ እያበሩ ስንዝር በስንዝር ይፈትሹታል። «መክ ዳይቪንግ» ይሉታል፤ የጭቃ ጥልቂያ ብንለው ያስኬዳል። ስያሜውን በማስለመድ የሚታወቀው በፓፑዋ ኒው ጊኒ ይሠራ የነበረው ቦብ ሃልስቴድ ሲሆን፣ ዛሬ የዚህ ጥልቂያ መናኸሪያ የኢንዶኔዥያው ሌምቤ ሰርጥ ነው። ጠፍጣፋ ዓሣንና የባሕር እባብን እየመሰለ ጠላቱን የሚያታልለው ኦክቶፐስ በ1998 እ.ኤ.አ. በሳይንቲስቶች የታየው በዚያው በሱላዌሲ ደሴት ዙሪያ፣ ማንም ዞር ብሎ በማያየው ጭቃማ ወለል ላይ ነው።

እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ሮቢ ውስጥ ጥለቁ የሚል ምክርም ከእኔ አይጠበቅ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ። ከእነዚያ ጠላቂዎች መውሰድ የምንችለው ዓይናቸውን ነው።

ጉዞው ራሱ ለዚህ ያዘጋጃል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስታችሁ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ጣርማ በር ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ ታልፋላችሁ። ከዚያ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ የልጆች ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው። ዝናብ ይህን ሁሉ ገደል አጥቦ ያወረደው አፈር ነው ውሃውን ያደፈረሰው። ገበሬው ማሾውንና ሽንኩርቱን የሚያበቅለውም በዚሁ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ከኩሽና ይገኛል፤ ነጭ ሳፋ፣ የሻይ ማጥለያ፣ የጎማ ጓንትና ቦቲ ጫማ። ውሃው ከሚፈስበት ዳር አንድ ድንጋይ አንሱ፤ ከሥሩ ያለውን ደለል በማጥለያው ዛቅ አድርጋችሁ ሳፋው ላይ ገልብጡ፤ ከዚያ ጠብቁ። ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ስልክ ያለመደው ትዕግሥት ይጠይቃል። አምስት ደቂቃ ሲያልፍ ደለሉ ይረጋል፤ ከደለሉ አንዱ ቁራጭ መራመድ ይጀምራል። እንጨት የመሰላችሁ ነገር እግር አለው። የአሸዋ ቅንጣት እየለጠፈ ራሱ የሠራውን ቤት ተሸክሞ የሚጎተት የውሃ ትል አለ፤ ኋላ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በአፉ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ጎርፍ የማይወስደው ትንሽ ዓሣም በአገራችን ወንዞች የተለመደ ነው። አምባዛን ሁላችንም በሳህን ላይ እናውቀዋለን፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ግን በዓይኑ ሳይሆን በጢሙ እየዳሰሰ እንደሚኖር፣ ውሃው ቢጎድልበት ከአየር መተንፈስ እንደሚችል ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል?

አሁን ወደ ፍርሃቱ። የተኛ ውሃ ውስጥ፣ በተለይ በመስኖ ቦይና ሣር በበቀለበት ዳር፣ ቀንድ አውጣ ይኖራል። ከአንዳንዱ ዓይነት ቀንድ አውጣ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ተውሳክ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባና ቢልሃርዚያ ያመጣል። ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቀው በከሚሴ አካባቢ በሽታው ከታወቀ ቆይቷል። የሚከፋው ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዚያ ተውሳክ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው በእኩለ ቀን፣ ሙቀቱ ልጆችን ወደ ውሃ በሚጠራበት ሰዓት መሆኑ ነው። መድኃኒት አለው፤ ግን ልጅ ከነካልሲው ዘሎ ሲገባ «ይታጠባል» ብሎ መተው አይገባም። እኔ ያየሁት ቤተሰብ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ አባትየው ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር።

ይህን ቀንድ አውጣ ለመቆጣጠር ዓለምን ያስደነቀ ሐሳብ ያመነጨው የእኛው ሰው መሆኑን ልጆች ቢያውቁ ደግ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ምርምሩ ከዚያ ጀመረ። ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ማየት ምን እንደሚያፈራ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሌላው አደጋ ደራሽ ውሃ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጣርማ በር ላይ ግን ሊዘንብ ይችላል። የላዩ ተራራ ከጠቆረ፣ ወይም ውሃው በድንገት ቀለሙን ከቀየረ፣ ሳፋውንም ቢሆን ጥላችሁ ውጡ። ለዚህ ነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ በማለዳ መሄድ የሚሻለው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅም አይዘንጋ።

ሮቢም ሆነ ወደ አጣዬ ሲኬድ የሚገኘው ጀውሃ የሚፈሱት ወደ አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የይፋት ሰው ግን ይደርስ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሱት የወላስማ ሱልጣኖች ከዚህ ዳገትና ቆላ ሆነው እስከ ዘይላ ወደብ ድረስ ይነግዱ ነበር፤ ኖራና አስበሪን የመሳሰሉ ከተሞቻቸው ፍርስራሽ ዛሬም በዚሁ ተረተር ላይ አለ። ልጆቹ ሳፋውን ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ይሄ ውሃ የት ይሄዳል?» የሚል ስለሆነ፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙት።

ስትጨርሱ ሳፋውን ከቀዳችሁበት ቦታ ቀስ ብላችሁ ድፉት። ድንጋዩንም እንደነበረ፣ እርጥቡን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ መልሱ፤ ቤት ነው።