መውጫ የሌለው ውኃ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና ተጉዛችሁ ከሆነ፣ እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት በዘንገና ሐይቅ አጠገብ አልፋችኋል። ምናልባት ተኝታችሁ ነበር። እኔም ስንት ጊዜ ተኝቼ አልፌዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከእንጅባራ ተነስተን በእግራችን ሄድን። ከሰል የጫነ መኪና ሲያልፈን ትልቁ ልጄ «ደኑን ጨረሱት!» ብሎ ተቆጣ። ነገሩ እንኳ እንዲያ አይደለም፤ የአዊ ገበሬ ያኔ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳው ይተክል፣ ችግኙ ለጋ ሳለ በመካከሉ ጤፍ ይዘራ፣ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስለው ነበር።

ከአስፋልቱ ወጥተን በዛፎቹ መካከል በእግር መንገዱ ቁልቁል ወረድን። ሐይቁ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር ይበልጣል። ምሳ በልተን፣ ሳሙና ይዤ ከዳሩ ልታጠብ ጎንበስ ስል ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» አለችኝ።

የትም አይሄድም። ከዘንገና የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በረጋ ውኃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ታዲያ የሳሙናውን አረፋ ምን ልበላት? ሳሙናውን መልሼ ጠቀለልኩት። በያዝናት ትንሽ ጀሪካን ቀድተን፣ ከዳሩ ራቅ ብለን ውዱእ አደረግንና ሰገድን።

ሽቅብ ስንመለስ ልጄ በመንገዱ ላይ የተጣሉ የውኃ ላስቲኮችን ትለቅም ጀመር። አንዱ ስንወርድ እኔ የጣልኩት ነበር።