የምትንቀጠቀጠው መኪናና ያልተላከው ደብዳቤ

በቤተሰብ ዓምድ ስለ መኪና መጻፍ ምን ይሉታል ትሉን ይሆናል። ይሁን እንጂ የምንተርክላችሁ መኪና የመላው ሰፈራችን መኪና ናት። ነፍሰ ጡር እናቶችን፣ ትኩሳት የጠናባቸውን ሕፃናትና የታመሙ ጓዶችን ወደ ሆስፒታል የምታመላልሰው አሮጌ ላንድክሩዘር ስትታመም፣ ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የየቤታችን ጉዳይ ይሆናል። በዚህም ጉዳይ እኛ ራሳችን ከከባድ ስሕተት ላይ ልንወድቅ ጥቂት ቀርቶን ስለ ነበር፣ ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

መኪናዋ አውቶማቲክ ካምቢዮ አላት። በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም፤ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ አለ። ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፤ ዘይቱም ካምቢዮውን ያሽከረክራል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ለጦር ሠራዊት እንግዳ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለው ኤም 5 የተባለው የአሜሪካ ቀላል ታንክ በሁለት የካዲላክ ሞተሮችና ሃይድራማቲክ በሚባል አውቶማቲክ ካምቢዮ ይንቀሳቀስ ነበር።

የእኛዋ መኪና ካምቢዮ ማርሽ አልቀይር ስላለ ወረደ፤ ውስጡም ታድሶ ተመለሰ። የማርሹ አለዋወጥ እጅግ ለሰለሰ። ነገር ግን መኪናዋ ከሰፈር ወጥታ ፍጥነቷ 70 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወለሉ መንዘር ይጀምራል፤ 80 ላይ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ድረስ ትንቀጠቀጣለች።

መካኒኮቹ «ሾፌሩ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ቸርኬ አጣሞ ነው» አሉ። ሾፌሩ፣ በአገልግሎት ብዛት ጠጉራቸው የሸበተው ሃምሳ አለቃ፣ «ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት እንዲህ አልነበረችም» ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም። እኛም ዝምታቸውን እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርነው። በአካዳሚ ስለ መንግሥት ንብረት አያያዝ የተማርነው ሁሉ ትዝ አለንና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አረቀቅን።

ያን ዕለት ማታ የሃምሳ አለቃው ባለቤት ወደ ቤታችን መጡ። ለእኛ ምንም አልተናገሩም፤ ጓዳ ገብተው ከትዳር ጓደኛችን ጋር ቡና ሲጠጡ ቆዩ። ከሄዱ በኋላ የትዳር ጓደኛችን እንዲህ አለችን፦

«እትዬ ያለቀሱት ለደመወዙ አይደለም። ሴት ልጃቸው ወሯ ገብቷል። አባቷ በዚያች መኪና ሊወስዷት ይፈራሉ፤ ፈራሁ ቢሉ ደግሞ ጥፋታቸውን ለመሸፈን ነው ትሏቸዋላችሁ።»

ቀጥላም፣ «ልጃችን ሌሊት ሲያለቅስ መጀመሪያ የምንጠይቀው ማን አስለቀሰው ብለን ነው ወይስ መቼ መቼ ያለቅሳል ብለን? ሲጠባ ነው? ሲተኛ ነው?» አለች። መልስ አልነበረንም።

በማግሥቱ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ካምቢዮውን የገጠመው ወጣት መካኒክና እኛ መኪናዋ ዘንድ ተሰበሰብን። ጥያቄያችንም «ማን?» መሆኑ ቀርቶ «መቼ?» ሆነ።

አንደኛው ፈተና በቆመችበት ተደረገ። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ለጎማዎቿ ታኮ ተደርጎ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ እንዳለ የሞተሩ ዙር ቀስ በቀስ በደቂቃ እስከ 2500 ከፍ ተደረገ። ወለሉ ጸጥ እንዳለ ቀረ። ኃላፊው ትርጉሙን አስረዱን። ቆማ ብትንቀጠቀጥ ኖሮ ጥርጣሬው ከሞተሩ ጋር አብረው በሚዞሩት፣ ይኸውም በኮንቨርተሩና እርሱ በሚታሰርበት ስስ የብረት ሳህን ላይ ያርፍ ነበር። ኮንቨርተሩ ምልክት ሳይደረግበት ተፈትቶ በሌላ ቀዳዳ ከታሰረ፣ ወይም በቦታው በሚገባ ካልተቀመጠ ሚዛኑ ሊዛባ ይችላልና።

ሁለተኛው ፈተና ጭር ባለ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ነበር። ሃምሳ አለቃው ፍጥነቷን 80 ካደረሱ በኋላ ነዳጅ መስጫውን ለቀው ማርሹን ወደ ፎሌ መለሱት። ሞተሩን ግን አላጠፉም፤ ሞተር ከጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም አጋዥ ኃይሉን ያጣል። የሞተሩ ዙር ወዲያው ወረደ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልወረደም። የቀነሰው መኪናዋ ራሷ ስትዘገይ ነው። ስለዚህ ሞተሩም ኮንቨርተሩም ነጻ ወጡ፤ ተጠርጣሪው ከጎማዎቹ ጋር የሚዞር ነገር ሆነ።

ቀሪው ክርክር በጎማና በዘንግ መካከል ነበር። ዘንግ የምንለው ከካምቢዮው በኩል ወደ ኋላ ዲፈረንሲያል ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ብረት ነው። የዲፈረንሲያሉ ልክ 4.1 ከሆነ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ ይዞራል። ዙሪያው 2.5 ሜትር የሆነ ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በደቂቃ 530 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ ዘንጉ 2200 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የጎማ ጉድለት ብዙውን ጊዜ ዘገም ባለ መወዛወዝ መሪው ላይ ሲታወቅ፣ የዘንግ ጉድለት ፈጣን ንዝረት ሆኖ ከወለልና ከወንበር ይመጣል። የእኛዋ ከወለል ነበር። በተጨማሪም በእድሳቱ ጊዜ ጎማዎቹን የነካቸው አልነበረም፤ ዘንጉ ግን ካምቢዮውን ለማውረድ ሲባል ተፈትቷል።

ከመኪናዋ ሥር ገባን። በዘንጉ በሁለቱም ጫፍ ክሮቼራ አለ። ክሮቼራ ጎበጥ ብሎ ሲሠራ አንዱ ወገን በእኩል ፍጥነት ቢዞርም፣ ሌላው ወገን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የፊተኛው የሚያዛባውን የኋለኛው እንዲያቃናው፣ ክሮቼራዎቹን የያዙት ሁለቱ የዘንጉ ሹካዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ሃምሳ አለቃው የረጋውን ግራሶ በጨርቅ ሲጠርጉ በሁለቱ የዘንጉ ክፍሎች ላይ የተመቱ ምልክቶች ብቅ አሉ። ፊት ለፊት መግጠም ሲገባቸው ተራርቀው ነበር።

ወጣቱ መካኒክ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ግራሶ ልሰጠው ብዬ ለያየሁት። ምልክቱን አላየሁም፤ ስመልሰው ጥርሱ ስለ ገባልኝ ትክክል መሰለኝ።»

ዘንጉን አውጥቶ በምልክቱ መግጠም አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ የተገዛ ዕቃም አልነበረም። ወደዚያው መንገድ ተመልሰን 80 ላይ ስንጓዝ የሰማነው የነፋሱን ድምፅ ብቻ ነው።

ወጣቱን ለቅጣት አላቀረብነውም። እውነቱን የተናገረ ሰው ስለ ተናገረ ከተቀጣ፣ የሚቀጥለው ጥፋት ግራሶ ሥር እንደ ተሸፈነ ይቀራል። ይልቁንም «ምልክት ሳታደርግ አትፍታ» የሚል ጽሑፍ በጥገናው ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ እንዲጽፍ ተደረገ። የእኛ ጥፋት ግን ከእርሱ ይብሳል፤ እርሱ ብረት ነው ያሳሳተው፣ እኛ ሰው። ስለሆነም ክሱን በሰሙት መካኒኮች ፊት ሃምሳ አለቃውን ይቅርታ ጠየቅን። እርሳቸውም «መኪናዋ ደኅና ትሁን እንጂ» ብለው የመኪናዋን ቁልፍ ከእጃችን ተቀበሉ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጃቸውን ሌሊት ምጥ ያዛት። መኪናዋን የነዱት እርሳቸው ናቸው፤ ከኋላ እናቷና የትዳር ጓደኛችን ደግፈዋት ነበር። ሲነጋ ሴት ልጅ ተወለደች። የትዳር ጓደኛችንም ከገንፎው በልታ ተመለሰች።

ያን የደብዳቤ ረቂቅ አልቀደድነውም። በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል፤ በሰው ላይ ለመጻፍ ብዕር ባነሣን ቁጥር አስቀድመን እናነበዋለን።