የመሄጃው ሰዓትና የመመለሻው ሰዓት

ዘመዱን ወደ ሩቅ አገር የሚሸኝ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሳያጣሩ የሰጡት መልስ በቤተ ሰብ ላይ ምን ያህል ጭንቀት እንደሚያመጣ በራሴ ስሕተት የተማርሁት ስለ ሆነ፥ ለአንባቢዎች ይጠቅማል በማለት እጽፈዋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ታላቅ እኅቴ በዋሽንግተን የምትኖረው ልጇ ስለ ወለደች፥ አራሷን ለመርዳት የገንፎና የአጥሚት ዱቄት አስፈጭታ ተነሣች። እናታችን የመንገዱን ሰዓት ቢጠይቁኝ፥ ከዚያ ከተመለሰ ወዳጄ የሰማሁትን ይዤ «13 ሰዓት ነው» አልኋቸው። አይሮፕላኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥቶ ነበርና፥ በማግሥቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይደርሳል ብለን ስልክ ስንጠብቅ 7 ሰዓት ሆነ፤ 8 ሰዓትም አለፈ። እናታችን እህል አልቀምስም ብለው ዋሉ፤ ጎረቤቶችም አንድ ሁለት እያሉ ተሰበሰቡ። እኔም በፍርድ ቤት ቀንና ሰዓት ስመዘግብ የምውል ሰው የምናገረው ጠፋኝ። ስልኩ የተደወለው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። እኅቴም አይሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ በአየርላንድ ከተማ በደብሊን ባረፈ ጊዜ፥ የደረሰች መስሏት ልትወርድ ተነሥታ እንደ ነበር እየሣቀች ነገረችን።

ኋላ ነገሩን መርምሬ ተረዳሁት። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ሲሄዱም ሲመለሱም አይለወጥም። ሰዓቱ ግን ይለወጣል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር የክንፉ ድጋፍና የሞተሩ ኀይል ስለሚቀንስ፥ አይሮፕላኑ መንገደኛውን፥ ጭነቱንና እስከ መጨረሻው የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ባንድነት ተሸክሞ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ሲጨምር ጉዞው 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፥ ከዚያ ሲነሣ ነዳጁን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። በዚያም አቅጣጫ በላይኛው አየር የሚነፍሰው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለ ሆነ፥ ሂያጁን ይቃወመዋል፤ ተመላሹን ያግዘዋል። ወዳጄ የነገረኝ 13 ሰዓት እንግዲህ የመመለሻው ነበር።

ሌላም መጠንቀቅ የሚገባ ነገር አለ። በቲኬት ላይ 22 ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የተቈጠረ ስለ ሆነ፥ በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የዋሽንግተንም ሰዓት ከእኛ በበጋቸው 7፥ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ዘመዱን የሚሸኝ ሰው የመነሻውን፥ የማረፊያውንና የመድረሻውን ሰዓት በአገራችን አቈጣጠር ጽፎ በቤት ለሚቀሩት አረጋውያን ቢያነብላቸው መልካም ነው።

እኅቴ ከሦስት ወር በኋላ ስትመለስ እንዲሁ አደረግሁ። እናታችንም ወረቀቱን ካነበብሁላቸው በኋላ «ወደ ቤት ሲሆን መንገዱም ያጥራል ማለት ነው» ብለው፥ ያን ቀን እራታቸውን በሰላም በሉ።