ሰሙ ብቻ የተሰማ መሐላ

ባለፈው የዐቢይ ጾም ወራት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፥ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚማር ዲያቆን፥ የጻፈውን ጽሕፈት ይዞ ቋንቋውን እንዳርምለት ወደ ቤቴ መጣ። ጽሕፈቱ በፋሺስቶች ዘመን የኢጣልያ መምህራን ስለ ማሉት መሐላ የሚናገር ነበር። ቋንቋው መልካም ስለ ሆነ እምብዛም የሚታረም አላገኘሁበትም። ነገር ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ማሉት መምህራን ሲናገር «ለእንጀራ ሲሉ ኅሊናቸውን የሸጡ ፈሪዎች» የሚል ቃል አገኘሁና እርሳሴ እዚያ ላይ ቆመ። «የኔታ፥ ምን ስሕተት አገኙበት?» አለኝ። «ሰዋስዉስ ስሕተት የለበትም» አልሁትና ወረቀቱን እስከ ማግሥቱ እንዲተውልኝ ለመንሁት። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ የመሐላውን ታሪክ በአጭሩ ላስረዳ። ስለ ኢጣልያ የምጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሙሶሊኒ በ1922 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ መምህራንን በአንድ ቀን ጠራርጎ አላባረረም፤ ቀስ በቀስ አጠበባቸው እንጂ። በ1925 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ሕግ፥ በሥራ ላይ ሳሉም ሆነ ከሥራ ውጭ በሚያሳዩት ጠባይ ከመንግሥቱ የፖለቲካ አካሄድ ጋራ የማይስማሙ ሠራተኞችን ማሰናበት ተፈቀደ። በ1929 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ የታናናሾቹ ተማሪ ቤቶች ልጆች መንግሥት ካዘጋጀው መጽሐፍ በቀር ሌላ እንዳይማሩበት ተወሰነ። መጽሐፉ ከተያዘ በኋላ የቀረው የመምህሩ አንደበት ነበረ። ስለዚህ ኦገስት 28 ቀን 1931 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁሉ ለንጉሡና ለአልጋ ወራሾቹ፥ እንዲሁም ለፋሺስት አገዛዝ ታማኝ ሊሆኑ፥ ተማሪዎቻቸውንም ለአገራቸውና ለፋሺስት አገዛዝ ያደሩ ዜጎች አድርገው ሊቀርጹ እንዲምሉ ታዘዙ። ለንጉሥና ለሕግ መማል ለእነርሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲስ የሆነው ለአንድ ፓርቲ አገዛዝ መማል፥ ይልቁንም ተማሪን ለዚያ አገዛዝ አሳልፎ ለመስጠት መማል ነው።

በዚያን ጊዜ በኢጣልያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1,200 በላይ መምህራን ነበሩ። አንማልም ያሉት 12 እንደ ነበሩ ይነገራል፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ጥቂት ይጨምራሉ። ይህም ከመቶው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ከእነዚህ መካከል የሒሳብ ሊቁ ቪቶ ቮልቴራ፥ የፍልስፍና መምህሩ ፒዬሮ ማርቲኔቲ፥ የጥንት ታሪክ ሊቁ ጋኤታኖ ዴ ሳንክቲስ፥ ቀዶ ሐኪሙ ባርቶሎ ኒግሪሶሊ ይገኛሉ። የሕግ ሊቁ ፍራንቸስኮ ሩፊኒና ልጃቸው ኤዶአርዶ ሩፊኒም አባትና ልጅ ሁነው እምቢ አሉ። ሁሉም ከወንበራቸው ተነሡ።

ከዐሥራ ሁለቱ አንዱን ግን እኔ እንደ ሩቅ ሰው ላያቸው አልችልም። እርሳቸውም በሮማ ዩኒቨርሲቲ ዕብራይስጥንና የሴም ቋንቋዎችን ያስተምሩ የነበሩት ጆርጆ ሌዊ ዴላ ቪዳ ናቸው። የእርሳቸው መምህር፥ አስቀድሞም በዚያ ወንበር የነበሩት፥ በ1901 ዓ.ም. በሮማ የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ኢግናጽዮ ጉዊዲ ነበሩ። ጉዊዲን በአማርኛው የረዷቸው ደግሞ የእኛው ሊቅ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ እኒህም የግዕዙን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መምህር ነበሩ። እንግዲህ ከአንድ ኢትዮጵያዊ የተቀዳ ትምህርት ወደ ሮማ ወርዶ በደቀ መዝሙር ደቀ መዝሙር ዘንድ ደርሶ ነበርና፥ ያ ሰው በ1931 ዓ.ም. አልምልም ሲል ከእኛም ቤት የሆነ ሰው እምቢ ያለ ያህል ይሰማኛል። ከተሻሩም በኋላ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የዐረብኛ መጻሕፍትን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ቈዩ፤ በ1939 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰደዱ።

አሁን ወደ ማሉት ልመለስ። የማሉት ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። ፈላስፋው ቤኔዴቶ ክሮቼ፥ ራሳቸው የፋሺስት ተቃዋሚ ሲሆኑ፥ ምክር ለጠየቋቸው አንዳንድ መምህራን የማስተማሩ ክር እንዳይበጠስ በወንበራቸው መቈየት እንደሚሻል ይመክሩ ነበር። ይህን ምክር ሰምተው ከማሉት አንዱ ሉዊጂ ኢናውዲ ናቸው፤ እርሳቸውም ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የኢጣልያ ሪፑብሊክ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የቫቲካንም ጋዜጣ «የፋሺስት አገዛዝ» የሚለው ቃል የአገሪቱ መንግሥት ማለት ነው ብሎ ቢተረጐም መማል እንደሚቻል ገለጠ። በዚህ መንገድ ብዙዎች በአፋቸው ለፓርቲው፥ በልባቸው ለአገራቸው ማሉ። አንዱን ቃል ተናግሮ ሌላውን በውስጥ መያዝ፥ ይህ ለእኛ ለቅኔ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ሰምና ወርቅ ማለት ይህ አይደለምን?

አይደለም። በተማርሁበት በቅኔ ቤት ከጓደኞቻችን አንዱ ጉባኤ ቃና ቈጥሮ በጉባኤው ፊት ተነገረ። ቤቱ አልጐደለም፤ ዜማውም የተስተካከለ ነበር። ነገር ግን ወርቁን ብንፈልገው አጣነው። የኔታ «ወርቁ ወዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁት «በልቤ አለ» ብሎ መለሰ። እርሳቸውም ሳቁና «እንግዲያውስ ለልብህ ተነገርለት፤ ለጉባኤው ሰም ብቻ ነው የሰጠኸው» አሉት። እኛም ሳቅን። ነገሩ እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም። በቅኔ ወርቁ የሚሰወረው እንዲገኝ ነው፤ መምህሩም ተቀምጦ ይፈታዋል፥ ተማሪውም ሲፈታ ሰምቶ መፍታትን ይማራል። የኢጣልያ መምህራን ወርቅ ግን በልባቸው ቀረ። በወንበሩ ፊት የተቀመጠው የ20 ዓመት ተማሪ የሰማው መምህሩ ለፋሺስት አገዛዝ መማሉን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሊቅ ከማለ እኔ ማን ነኝ ብሎ ቢያስብ በምን ይፈረድበታል?

1,200ው ሁሉ እምቢ ብለው ቢሆን ኑሮ ቀጥሎ የመጣው መከራ አይመጣም ነበር ብዬ ልናገር አልደፍርም። የመጣውን ግን እናውቃለን። ከመሐላው በኋላ በአራተኛው ዓመት ያው መንግሥት አገራችንን ወረረ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለጠላት እንዲገዛ አልገዝትም በማለታቸው በአዲስ አበባ ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ፤ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ሳይቀሩ በየተገኙበት እንዲገደሉ ታዘዘ። ግንቦት 13 ቀን ግራዚያኒ ራሱ በላከው ቴሌግራም እንደ ቈጠረው 297 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ቁጥሩን ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ዲያቆናቱ ተማሪዎች፥ መነኮሳቱም መምህሮቻቸው ነበሩ። በሮማ ወረቀት ያስፈረመ መንግሥት በእኛ ዘንድ መትረየስ አቆመ።

በሮማም መሐላው የማሉትን አላዳናቸውም። በ1938 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው የዘር ሕግ አይሁድ የሆኑ መምህራንና ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሁሉ ተባረሩ፤ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ብቻ ወደ መቶ የሚጠጉ ባለ ወንበሮች ተነሡ። ከነዚህም ብዙዎቹ ከሰባት ዓመት በፊት እጃቸውን አንሥተው የማሉ ነበሩ። ወንበራቸው ግን ባዶ አልቀረም፤ ከትናንት ባልደረቦቻቸው መካከል ፈጥኖ የሚቀመጥበት ተገኘ።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ፥ የዲያቆኑን ቃል ለምን አላጸደቅሁለትም?

በ1981 ዓ.ም. ከቅኔ ቤት ወጥቼ፥ ዘመናዊውንም ትምህርት በመጠኑ ተምሬ፥ በአንዲት ታናሽ ከተማ የአማርኛ መምህር ነበርሁ። ዕድሜዬ ከ22 ዓመት አይበልጥም ነበር። በተማሪ ቤቱ በዕድሜም በዕውቀትም የሚልቁን አንድ የታሪክ መምህር ነበሩ። አንድ ቀን ተማሪ በሰሜን ስላለው ጦርነት ቢጠይቃቸው «ወንድም ወንድሙን በሚገድልበት ጦርነት አሸናፊ የለም» ብለው መለሱ። ቃሉ በሦስተኛው ቀን ከካድሬው ዘንድ ደረሰ። መምህራን ሁሉ ወደ ስብሰባ ተጠራን። ቃለ ጉባኤው አስቀድሞ ተጽፎ ቈይቶን ነበር፤ ሰውየው ፀረ አብዮት ቅስቀሳ ማድረጋቸውን መምህራኑ በሙሉ ድምፅ እንዳረጋገጡ ይናገራል። እርሳቸው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወለሉን ይመለከቱ ነበር። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እኔም ዘንድ ደረሰ። «እጄ እንጂ ልቤ አልፈረመም» ብዬ ፈረምሁ።

አንዲት የእጅ ሥራ መምህርት ግን ብዕሩን ከተቀበሉ በኋላ ሳይፈርሙ ወረቀቱን ለሚቀጥለው ሰው አሳለፉት። ያን ጊዜ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። በማግሥቱ እንደ ወትሮው ሲያስተምሩ አየኋቸው፤ እኔ እዚያ እስከ ነበርሁ ድረስም በእርሳቸው ላይ የደረሰ ነገር አላየሁም። ፍርሃታችን በከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከዐሥር ዓመት በፊት በቀይ ሽብር ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር የሞቱ ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን እርሳቸውም ያንን ከእኔ ይበልጥ ያውቁ ነበር።

የታሪክ መምህሩ ከሥራ ተሰናበቱ። ከሳምንት በኋላ ከባለቤታቸው ጋራ፥ አንድ የታጠፈ ፍራሽና አንድ ሣጥን መጽሐፍ ይዘው፥ በጭነት መኪና ላይ ወጥተው ከከተማይቱ ሄዱ። በዚያው ሰሞን ወደ ክፍል ስገባ በፊተኛው ረድፍ የሚቀመጥ ልጅ ተነሥቶ «መምህር፥ የታሪክ መምህራችን ጠላት ነበሩን?» ብሎ ጠየቀኝ። አርባ ልጆች አፌን ይጠብቁ ነበር። እኔም «መጽሐፋችሁን ግለጡ» አልኋቸው። የዚያን ቀን ትምህርት ስለ ተውሳከ ግስ ነበር፤ በሚገባም አስተማርሁ።

በማግሥቱ ዲያቆኑ ሲመጣ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ እርሳሱን አንሥቶ ያችን ዐረፍተ ነገር ሊሰርዛት ጀመረ። «ልጄ፥ አትሰርዛት» አልሁት፤ «ፈሪዎች መባላችን እውነት ነው። ነገር ግን ሰው ከፈራ በኋላም የሚቀርበት ዕዳ እንዳለ ጨምረህ ጻፍ። አልምልም ለማለት ያልቻለ መምህር ቢያንስ ሰሙን ብቻ ለሰሙት ወርቁን ሊፈታላቸው ይገባዋል፤ አገዛዙ ካለፈ በኋላማ ምን ምክንያት አለው?» እርሱም ቀና ብሎ አየኝና «የኔታ፥ እርስዎ ለእነዚያ ልጆች ነገሯቸውን?» አለኝ።

አልነገርኋቸውም። መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ እኔም ወደ ሌላ አገር ተዛውሬ፥ ኋላም ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተመልሼ፥ ለብዙ ተማሪዎች የብዙ ሊቃውንትን ቅኔ ስፈታ ኖርሁ፤ የራሴን ግን አልፈታሁም። በፊተኛው ረድፍ የነበረው ልጅ ዛሬ ሃምሳ ሊሞላው የቀረበ ሰው ነው፤ ምናልባት ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል ይኖር ይሆናል። እንግዲህ ዘግይቶም ቢሆን መልሴ ይህ ነው፦ የታሪክ መምህራችሁ ጠላት አልነበሩም። የተናገሩት እውነት ነበር። እኔም ያን ቀን እውነት መሆኑን እያወቅሁ ፈርሜባቸዋለሁ።