የዝዋይ ቀይ የወይን ጠጅ በቤት ገበታ

የወይን ጠጅ ነገር ሲነሣ «ቅይጥ» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። በአገራችን ልማድ መቀየጥና መበረዝ የማታለል ሥራ ሆነው ይታያሉና፤ በቅቤ ላይ ሌላ ስብ የቀላቀለ፥ በማር ላይ ስኳር የጨመረ ሰው አታላይ ይባላል እንጂ ባለሙያ አይባልም። ስለዚህ ከሁለትና ከሦስት ዐይነት ወይን ተዋሕዶ የተሠራ፥ ዋጋውም መካከለኛ የሆነ ቀይ የወይን ጠጅ በገበታ ላይ ሲቀርብ፥ እንግዳው ገና ሳይቀምሰው ይንቀዋል፤ የቤቱም ጌታ ያፍርበታል። ከዚህ ኀፍረት ለመዳን ሲል ከደመወዙ ብዙውን ክፍል ከባሕር ማዶ ለመጣ አንድ ጠርሙስ የሚሰጥም አይታጣም። ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር፥ ወይኑ የሚበቅልበትን ምድር አይተን፥ ጠጁንም በቤታችን ቀምሰን ያገኘነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

የወይን ጠጅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው ምእት ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ እንደ ነበረ ይናገራል። እንግዲህ ከባሕር ማዶ ማስመጣቱ ወደ 2000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው ማለት ነው። በ20ኛው ምእት ዓመት ደግሞ በጉደርና በመርቲ ወይን ተተክሎ ጠጅ ተጠምቋል። ዝዋይ ከነዚህ በኋላ የመጣ ታናሽ ወንድም ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በስተ ደቡብ ስንወርድ፥ ከቢሾፍቱና ከሞጆ አልፈን፥ በቆቃ በኩል አዋሽን ተሻግረን፥ በመቂ አድርገን ዝዋይ ገባን። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደጋው ብርድ ከሞጆ ወዲያ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በጤፉ ማሳ ፈንታ ግራርና አሸዋማ መሬት ይተካሉ። ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ አጠገብ የደምበል ሐይቅ ተዘርግቶ ይታያል፤ በመካከሉም አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከነዚህም ትልቁ ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም የሚገኝበት ነው። በሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶውን ሲያጸዱ፥ አባ ኮዳ አጠገባቸው እንደ ዳኛ ቆሞ የሚጣልለትን ይጠባበቃል።

በዚህ ምድር ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ድርጅት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ዓመት ጀምሮ፥ ከመቶ ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ የወይን ተክል አስተከለ፤ የመጀመሪያውም ጠጅ በ2014 ለገበያ ወጣ። ለቀዩ ጠጅ የተመረጡት ዘሮች ሜርሎ፥ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን፥ ለነጩም ሻርዶኔ ነበሩ። ጉማሬ ሌሊት ከሐይቁ እየወጣ፥ ጅብም ከጫካው እየመጣ ተክሉን እንዳያጠፉ በዙሪያው ሰፊ ቦይ ተቆፈረለት። በፈረንሳይ አገር የወይን አትክልተኛ የሚፈራው ውርጭን ነው፤ በዝዋይ ግን የሚፈራው እግር ያለው ጠላት ሆነ።

ሌላም ልዩነት አለ። በአውሮፓ የወይን ተክል በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ በጸደይም ይነቃል። የዝዋይ ምድር ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቢሆንም ለምድር ወገብ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ የለም። ስለዚህ እንቅልፉን የሚሰጠው የአትክልተኛው መቀስ ነው፤ ቅርንጫፉን በጊዜው እየገረዘ፥ ፍሬው ዝናም በሌለበት ወራት እንዲበስል ያደርጋል። ዝናም በደረሰ ፍሬ ላይ ከወረደ ፍሬው ውሃ ይጠጣል፥ ይሻግታል፥ ጣዕሙም ይሳሳል።

አሁን ወደ ቅይጥ ነገር እንመለስ። በቦርዶ አገር ሜርሎ የሚባለው ወይን ቀድሞ ያብባል፥ ቀድሞም ይበስላል፤ ካበርኔ ግን ይዘገያል። ውርጭ ወይም ዝናም አንዱን ቢያገኘው ሌላው ሊያመልጥ ይችላልና፥ ሁለቱን መትከል ለገበሬው ዋስትና ሆነለት። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው፤ ሜርሎ ለስላሳና ሙሉ ነው፤ ካበርኔ እንደ ጠነከረ ሻይ ድድን የሚያደርቅ መጣጣነት አለው፤ ሲራ ደግሞ ጥቁረትንና የቁንዶ በርበሬን መዓዛ ይሰጣል። ለጠጃችን ማር ብቻውን እንደማይበቃው፥ የጌሾውም ምሬት ጣፋጩን አደብ እንደሚያስገዛው ሁሉ፥ በወይን ጠጅም አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ስመ ጥሩዎቹና ውድ ዋጋ የሚጠየቅባቸው አብዛኞቹ የቦርዶ ቀይ ጠጆች የተሠሩት በዚሁ ዐይነት ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ራሱ እንኳ ካበርኔ ፍራን ከሚባለው ቀይና ሶቪኞን ብላን ከሚባለው ነጭ ወይን የተወለደ መሆኑን የካሊፎርኒያ ሊቃውንት በ1997 በዘር ምርመራ አረጋግጠዋል። ውሃ መጨመር መበረዝ ነው፤ ወይንን ከወይን ማዋሐድ ግን ሙያ ነው።

ይህ በቃል የተነገረው በምላስ እንዲፈተን ከመንገዳችን ስንመለስ አራት ሰዎች ሆነን በገበታ ተቀመጥን። ከመካከላችንም አንደኛው፥ ቅይጥ የወይን ጠጅ አልጠጣም እያሉ ዘወትር የሚከራከሩ ሽማግሌ ዘመዳችን ነበሩ። ሁለት ጠርሙስ ተዘጋጀ፤ አንዱ በዝዋይ ከበቀሉት ቀይ ወይኖች ተዋሕዶ የተሠራ፥ ዋጋውም ለመካከለኛ ኑሮ የሚስማማ ነው፤ ሁለተኛው ከቦርዶ የመጣ፥ ዋጋውም ከፊተኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ጽሑፋችን ማስታወቂያ እንዳይሆን የሁለቱንም ስም አንጠራም። የቤቱ እመቤት ጠርሙሶቹን በጨርቅ ጠቅልለው አንድና ሁለት የሚል ቁጥር ሰጧቸው፤ ምስጢሩን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ስለ ነበሩ ከዳኝነቱ ራሳቸውን አገለሉ።

ቀይ የወይን ጠጅ ጠባዩን የሚገልጠው ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከዚህ ሲያልፍ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል፤ እጅግ ሲቀዘቅዝም መዓዛው ይታፈናል፥ መጣጣነቱም ይበረታል። የአዲስ አበባ ቤት በሌሊቱ ብርድ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ጠርሙሱ በምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ቆሞ እንደ ሆነ፥ ግማሽ ሰዓት ያህል በማቀዝቀዣ ማኖር ይገባል። ብርጭቆውም እንደ ብርሌ እስከ አፉ አይሞላም፤ መዓዛው የሚሰበሰብበት ስፍራ እንዲኖረው ከሲሶው በላይ አይቀዳበትም። እኛም ለአንድ ሰው በየጊዜው 40 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ቀዳን።

በመጀመሪያ ያለ ምግብ ቀመስን። ቁጥር አንድ ቀለሙ የበሰለ እንጆሪ የሚመስል፥ መዓዛው ግልጥ፥ ጣዕሙ ለስላሳ ነበረ፤ ነገር ግን ቶሎ ከአፍ ይጠፋል። ቁጥር ሁለት ጠቆር ያለ ነው፤ ድድን አጥብቆ ይይዛል፥ ከተዋጠም በኋላ ጣዕሙ ይቆያል። ከአራታችን ሦስታችን ለቁጥር ሁለት ፈረድን።

ቀጥሎ በቅቤ የበሰለ የበሬ ጥብስ ቀረበ። ስብና ጨው መጣጣነትን ስለሚያለዝቡ ቁጥር ሁለት ገራም ሆነ፤ ቁጥር አንድም ከሥጋው ጋር ደመቀ፤ ፍርዱም ሁለት ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ዶሮ ወጥ መጣ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ በርበሬ የአልኮልን ትኩሳትና የመጣጣነትን ኀይል ያባብሳልና፥ ቁጥር ሁለት በአፍ ውስጥ እንደ እሳት ሆነ። ቁጥር አንድም ያለ ትኩሳት አልቀረም፤ ለስላሳነቱ ግን አዳነው። ሽማግሌው «ይህኛው ከወጡ ጋር ይታረቃል፤ ያኛው ግን ተጣልቶ አመሸ» ሲሉ ፈረዱ፤ ሦስታችንም ተስማማን።

ጨርቁ ሲገለጥ ቁጥር አንድ የዝዋይ፥ ቁጥር ሁለት የቦርዶ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው የራሳቸውን ንጹሕ ዘር አገኘሁ ብለው የቦርዶውን ጠርሙስ አነሡ፤ በጀርባው የተጻፈው ሲነበብላቸው ግን እርሱም ከሜርሎና ከካበርኔ የተዋሐደ ነበረ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ ቅይጥ አትበሉት፤ የተጋቡ ናቸው በሉ» አሉ።

ከየጠርሙሱ ሲሶ ያህል ተርፎ ስለ ነበረ፥ ቡሹን መልሰን በማቀዝቀዣ አኖርነው፤ በማግሥቱም ማታ አውጥተን ቀመስነው። የቦርዶው ከነፋሱ ጋር በመገናኘቱ ለዝቦ ተሻለ፤ የዝዋዩ ግን የፍሬው መዓዛ ቀንሶ አገኘነው። ከዚህም የምንረዳው መካከለኛ ዋጋ ያለው ለስላሳ ጠጅ በተከፈተበት ማታ ሊጠጣ እንደሚገባው፥ ለብዙ ዓመትም በጓዳ ቢቀመጥ የሚጨምረው ነገር እንደሌለ ነው።

ስለዚህ እውነቱን እንናገር። ውዱ ጠጅ ያለ ምግብ ሲቀመስ በልጧል፤ ይህን መካድ አገርን መውደድ አይደለም። ነገር ግን የኢትዮጵያ እንግዳ የሚጋበዘው ለባዶ ብርጭቆ ሳይሆን ለገበታ ነው፤ በገበታችንም ላይ የዝዋዩ ጠጅ ከሥጋው ጋር እኩል ቆሟል፥ ከወጡም ጋር በልጧል። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይህም 125 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ስድስት ጊዜ ይሞላል፤ ለአራት ሰዎች ማታ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም፤ መኪና የሚነዳውም ሰው ጨርሶ ሊተወው ይገባል። ጠጁን በልኩ አቀዝቅዞ፥ በንጹሕ ብርጭቆ፥ ያለ ኀፍረት ማቅረብ ለእንግዳ በቂ ክብር ነው። ከዋጋው የተረፈውም ገንዘብ ለጥብሱ ይሁን።